አፈወርቅ ተክሌና የከተማችን ግድግዳ

ሰንጋ ተራ የሚለው ስም ራሱ አጭር ታሪክ ነው። የዛሬዎቹ የባንክና የመድን ድርጅት ሕንፃዎች ከመቆማቸው በፊት በዚህ ስፍራ ሰንጋ ይነዳ፣ ይሸጥና ይለወጥ እንደ ነበረ ስሙ ይመሰክራል። ዛሬ ግን ከንግድ ሥራ ኮሌጅ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ወይም ወደ ብሔራዊ ቴአትር የሚራመድ መንገደኛ ያን ዘመን የሚያስታውሰው አንድ ምልክት እንኳ በቀላሉ አያገኝም። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ209 ሜትር ከፍታውና በ46 ፎቁ ሰፈሩን ቁልቁል ይመለከታል። በዙሪያው ከቆሙት አዳዲስ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በመስታወት የተሸፈኑ ናቸው፤ መስታወቱም መልሶ የሚያሳየን ፊት ለፊቱ የቆመውን ሌላ መስታወት ነው። ሥራው የእኛ የመሐንዲሶች ነውና ልንኰራበት ይገባል። ነገር ግን ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሌላ የከተማው ዳርቻ የሄደ ሰው አንድ ቀን ልጁን ይዞ ቢመጣ፣ እዚህ ነበር የኖርነው ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በዚሁ አካባቢ በተሠራ አንድ ሕንፃ ላይ በመሐንዲስነት አገልግያለሁ። የሕንፃው አንደኛው ጐን መስኮት የሌለው፣ ከመንገዱ ደረጃ ተነሥቶ እስከ አራተኛው ፎቅ የሚደርስ ሰፊ ገጽ ነበረው። በመጀመሪያው ንድፍ በዚህ ገጽ ላይ የሰፈሩ ታሪክ፣ ማለት የሰንጋው ገበያና ከየአገሩ ተሰባስቦ በአንድ አጥር ግቢ የኖረው ሕዝብ፣ በሥዕል እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ኋላ ወጪ ይቀነስ በተባለ ጊዜ ከዋጋ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተሰረዘው ይህ መስመር ሆነ። ስረዛውን ከፈረሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሥዕል ሸክም አይሸከምም፣ ዝናምም አያግድም ብዬ ስላሰብሁ ጉዳዩ ከባድ መስሎ አልታየኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ በኩል ባለፍሁ ቍጥር ያ ግራጫ ግድግዳ አንድ ነገር የሚጠይቀኝ ይመስለኛል። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጋበዙኝ ጊዜ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሕይወት የመረጥሁበት ምክንያት ይኸው ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙዎቻችን እንደ ዘነጋነው፣ እኒህ ታላቅ ሠዓሊ መጀመሪያ ከአገር የወጡት መሐንዲስ እንዲሆኑ ነበር።

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በቀድሞው የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በአንኮበር ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር ዕድሜያቸው ገና ሦስት ዓመት ነበረ። የልጅነታቸው ዘመን ያለፈው በአምስቱ የጠላት ዓመታት ውስጥ ነው ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው ዐይናቸው ያየው የፈረሰውን አገር መልሶ ለማቆም የሚታገለውን ሕዝብ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት የሥዕል ተሰጥዎአቸው የታየው ገና በልጅነታቸው ሲሆን፣ በትውልድ ከተማቸው በአንዳንድ ግድግዳዎች ላይ ይሥሉ ነበር። እጃቸው ከሸራ በፊት ግድግዳን ያወቀ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ጐበዝ ተማሪ ይመረጥ የነበረው አገሪቱ በብርቱ ለምትፈልገው ሙያ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ዕድሜያቸው ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲጠጋ፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ።

ያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ተማሪዎች ከመነሣታቸው በፊት በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ፊት ቀርበው ምክር ይቀበሉ ነበር። አፈወርቅ በኋላ ዘመናቸው ሲያስታውሱት እንደ ኖሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ያሳሰቧቸው ተግተው እንዲማሩና ሲመለሱ በአውሮፓ ስላዩት የሕንፃ ርዝመትና የመንገድ ስፋት ከማውራት ይልቅ ኢትዮጵያን መልሶ ለመሥራት የሚያበቃ ጥበብና መንፈስ ይዘው እንዲመጡ ነው። ምክሩ የተሰጠው ለአንድ የማዕድን ምሕንድስና ዕጩ ተማሪ ነበር። ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ስንመለከተው ግን በይበልጥ የሚነካው እኛን ነው። ረዣዥም ሕንፃዎችን ዛሬ በገዛ አገራችን እየሠራን ነው፤ መንፈሱን ይዘን መምጣታችን ግን ገና መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው።

በእንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት የገቡት ወጣት በሒሳብ፣ በኬሚስትሪና በታሪክ ትምህርት መልካም ውጤት ያስመዘግቡ ነበር። ስለዚህ የምሕንድስናውን መንገድ የተዉት ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። መምህሮቻቸው የሥዕል ችሎታቸውን አይተው ወደዚያው እንዲያዘነብሉ ስላበረታቷቸው ነው። አንድ ድኻ አገር የማዕድን መሐንዲስ እንዲሆንላት የላከችው ልጅ ሠዓሊ ሆኖ ለመመለስ ሲወስን፣ በውሳኔው ውስጥ ዕዳ አለበት። አፈወርቅም ዕዳው እንዳለባቸው ያውቁ እንደ ነበር ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ይመሰክራል። መጀመሪያ በለንደን ማዕከላዊ የኪነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው ስሌድ ወደ ተባለው ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተሻገሩ። በዚህ ትምህርት ቤት የገቡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እርሳቸው እንደ ነበሩ ይነገራል። የተማሩትም ሥዕልን ብቻ አልነበረም፤ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብንም ጨምረው አጥንተዋል። ኋላ ከሕንፃ ጋራ ተዋሕደው የሚኖሩ ሥራዎችን ለመሥራት የበቁት ይህን መሠረት ይዘው በመነሣታቸው ነው።

ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ብዙዎች የውጭ አገር ምሩቃን እንደሚያደርጉት በመንግሥት ወንበር ላይ ለመቀመጥ አልቸኰሉም። በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን ልማድ፣ አለባበስ፣ ታሪክና እምነት ማጥናትን መረጡ። ኢትዮጵያን መሣል የሚሻ ሰው አስቀድሞ ኢትዮጵያን ማወቅ አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አቀረቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ከሃያ ጥቂት ያለፈ ነበር። ከዚህ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ሁለት ዓመት ያህል በልዩ ልዩ አገሮች ተዘዋወሩ። በዚህ ጉዞ ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው በታላላቅ ካቴድራሎች የሚታየው የባለቀለም መስታወት ሥራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የገዛ አገራቸው ጥንታዊ ሥዕል ነው፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ሥዕል ያላቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች ተቀምጠው መረመሩ። አንድ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ብራና ለማየት ባሕር መሻገር ማስፈለጉ የሚያሳዝን ነው። አፈወርቅ ግን ኀዘኑን ወደ ሥራ ለወጡት። የብራናውን ትልልቅ ዐይኖች፣ ደማቅ ቀለምና ጥቍር የዳር መስመር ከመስታወቱ ብርሃን ጋራ ማዋሐድ እንደሚቻል የተገነዘቡት በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሥራ ክፍል ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ከመንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሥራ በዛ። ለዐድዋ ድል መታሰቢያ በተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ ዛሬ የምናያቸውን ታላላቅ ሥዕሎችና የሞዛይክ ሥራዎች አበረከቱ። በሐረር ከተማ የራስ መኰንንን ሐውልት በፈረስ ላይ አድርገው ቀረጹ። ለቴምብር ንድፍ አወጡ፤ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር በኢትዮጵያዊ መልክ እንዲወጣ አደረጉ። ለአፈወርቅ ትልቅና ትንሽ ሥራ የሚባል ልዩነት እምብዛም አልነበረም ለማለት ይቻላል። በጣት ከምትያዝ ቴምብር እስከ ካቴድራል ግድግዳ ድረስ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ሕዝቡ በዕለት ኑሮው ውስጥ የራሱን መልክ እንዲያይ ነው።

ይሁን እንጂ ስማቸውን ከአገር አልፎ በአህጉሩ ያስጠራው የአፍሪካ አዳራሽ ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን፣ ለስብሰባው የሚመጥን አዳራሽ አስፈለገ። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን፣ ሕንፃው በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከመግቢያው በኋላ እንግዳው በሚያልፍበት ሰፊ ስፍራ የሚገኘውን ትልቅ ገጽ በባለቀለም መስታወት ሥዕል እንዲሞሉ አደራው ለአፈወርቅ ተሰጠ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። ይህን ስጽፍ የእኔን ዕድሜ ከእርሳቸው ጋራ ማስተያየቴ አልቀረም።

የአፍሪካ ሙሉ ነጻነት የሚል ርእስ ያለው ይህ ሥራ በሦስት የተከፈለ ሲሆን ጠቅላላ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። ዐሥር ሜትር ከፍታና ዐሥራ አምስት ሜትር ወርድ ያለውን ግድግዳ በዐይነ ኅሊናችን ብናቆም የሥራውን ግዝፈት እንረዳለን። አንደኛው ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ዘመን ያሳያል፤ የባርነት፣ የድንቍርናና የመለያየት መከራ በላዩ አለ። ሁለተኛው ክፍል ትግሉን ያሳያል፤ አፍሪካውያን ክፉውን ዘንዶ ሲገጥሙት እናያለን። ሦስተኛው ክፍል መጪውን ዘመን የሚያመለክት ነው፤ የኢትዮጵያ ልብስ የለበሰ ቤተ ሰብ ችቦ ይዞ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ልዩ ልዩ የአፍሪካ ሕዝቦች በየአገራቸው ልብስ ተሰልፈዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበት ጋሻ ጃግሬም አብሮ ይታያል። ቀይ፣ ብጫና አረንጓዴ ቀለማት በየክፍሉ ይፈራረቃሉ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት በዚሁ አዳራሽ ነው። ብዙ አገሮች ገና ከቅኝ ግዛት ባልወጡበት ሰዓት ሥዕሉ የሙሉ ነጻነትን ዘመን አስቀድሞ በመስታወት ላይ አቁሞት ነበር።

ለእኛ ለሙያው ሰዎች ይህ ሥራ ሌላም ትምህርት አለው። የባለቀለም መስታወት ሥዕል ከግማሽ በላይ ምሕንድስና ነው። ሠዓሊው በመጀመሪያ በትንሽ መጠን ይነድፋል፤ ንድፉ ቀጥሎ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት ላይ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቍጥር ተሰጥቶት መስታወቱ በዚያው ልክ ይቈረጣል። የፊት ገጽታና የልብስ እጥፋት በልዩ ቀለም ተሥሎ ምድጃ ውስጥ ይተኰሳል። በተለመደው አሠራር ቁርጥራጮቹ የሚያያዙት በሁለት ጐኑ ቦይ ባለው ቀጭን የእርሳስ ማዕድን ዘንግ ሲሆን፣ መጋጠሚያው ሁሉ ይበየዳል። እርሳስ ለስላሳ ማዕድን ነው፤ ሰፊ ገጽን ብቻውን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ከበስተኋላው የብረት አግዳሚ ይደረግለታል፤ የነፋሱን ግፊት የሚቀበለው ይህ ብረት ነው። መስታወት፣ እርሳስና ብረት በፀሐይ ሙቀት የሚለጠጡበት መጠን አንድ አይደለም። ቀን በፀሐይ የሚግል፣ ሌሊት ደግሞ በብርድ የሚኰማተር ነገር የመንቀሳቀሻ ስፍራ ካልተተወለት ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ሠዓሊው የብረቱን መስመር በሥዕሉ ውስጥ ካልደበቀው ደግሞ ብረቱ የሰውን ፊት ለሁለት ይከፍለዋል። እንግዲህ ሠዓሊና መሐንዲስ ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ይህን የመሰለ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ዘመን ሲረዝም ሕንፃውም መስታወቱም አረጀ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ አዳራሽን ለማደስ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ረጅም ዓመታት የወሰደ ሥራ ካከናወነ በኋላ አዳራሹ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በእድሳቱ ጊዜ የመስታወቱ ሥዕል በፈረንሳይ ባለሙያዎች እጅ ተጠግኗል። በዚህ ዕድሳት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሽቦና ቧንቧ ሲለወጡ ማንም አላዘነም፤ አዲስ ተተካላቸው። መስታወቱ ግን በአዲስ ሊተካ እንደማይችል ሁሉም ያውቅ ስለ ነበረ ቁራጭ በቁራጭ ተጠገነ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የማይተካው ክፍል እኔ ሸክም አይሸከምም ብዬ የሰረዝሁት ዐይነት ሥራ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኑ። የመስቀል አበባ እና እናት ኢትዮጵያ የተባሉት ሥዕሎቻቸው በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ በኅትመት ተሰቅለው ሕዝብ የሚያውቃቸው ሆኑ። በአዲግራት ካቴድራልም የመጨረሻውን ፍርድ በታላቅ የግድግዳ ሥዕል አቀረቡ። የራሳቸውን መልክ የሣሉበት ሥራ በፍሎሬንስ ከተማ በኡፊዚ ቤተ ሥዕል ከታላላቅ ሠዓልያን ራስ ሥዕሎች ጋራ ለመቀመጥ በቃ። በአዲስ አበባ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቪላ አልፋ ብለው የሰየሙትን መኖሪያና የሥራ ቤት ራሳቸው ነድፈው አሠሩ። የጐንደርን ግንብ የሚያስታውሰው ይህ ቤት በስሌድ የተማሩት የሕንፃ ጥበብ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልቀረ ያሳያል።

ሦስት መንግሥታት ሲለዋወጡ አፈወርቅ ከአገራቸው አልተሰደዱም፤ ብሩሻቸውንም አላስቀመጡም። በዘውዱ ዘመን የተከበሩት ሠዓሊ በደርግ ዘመንም፣ ከዚያም በኋላ ተከብረው ሠሩ። ይህን አንዳንዶች ሲያመሰግኑት ሌሎች ይነቅፉታል። ነቃፊዎቹ ሠዓሊ ከሥልጣን ጋራ ያለው ርቀት ሲጠብ ሥዕሉ የሥልጣንን ውበት ብቻ ማሳየት ይጀምራል ይላሉ። አመስጋኞቹ ደግሞ መንግሥት አላፊ ሲሆን ግድግዳው ቋሚ ነው፤ ሠዓሊው ለቋሚው ሠርቷል ብለው ይመልሳሉ። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከእውነት ድርሻ አላቸው። የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት የሚለውን ማዕረግ በስማቸው ላይ አክለው የኖሩት እኒህ ሰው ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ሥጋቸውም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ከሕይወቱ የሚወጣውን ጥያቄም መጋፈጥ ይገባል። የአፈወርቅ ታላላቅ የአደባባይ ሥራዎች በአብዛኛው ከላይ የታዘዙ ነበሩ። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ድርጅት ያዝዛል፤ ሠዓሊው ይሠራል፤ ሕዝቡ ይመለከታል። የሐረሩ የራስ መኰንን ሐውልት ከሥልሳ ዓመት ገደማ በኋላ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ተገርስሶ ወደቀ። አድራጎቱን ማውገዝ ቀላል ነው፤ የጥበብ ሥራን ማፍረስ መቼም ቢሆን የሚመሰገን ተግባር አይሆንም። ሆኖም መሐንዲስ አንድ ነገር ሲወድቅ ምክንያቱን መመርመር ልማዱ ነው። በአደባባይ የቆመ ሥራ ሁለት መሠረት ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ከአፈሩ ላይ የሚያርፈው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ የኔ ነው ብሎ የሚቀበለው ስምምነት ነው። የመጀመሪያውን በአርማታና በብረት እንሠራዋለን። ሁለተኛውን ግን ሰው ጠይቀን፣ ሰምተንና ተከራክረን ካልሆነ በቀር ልንሠራው አንችልም። ልዩ ልዩ ብሔረሰብ ተቀላቅሎ በሚኖርባት እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ ይህ ሁለተኛው መሠረት ከአንደኛው ይከብዳል።

ከሰንጋ ተራ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ የሚገኘው አደባባይ ሜክሲኮ የተባለው ያች አገር የኢጣልያን ወረራ ሳትቀበል በመቅረቷ ለተደረገ ምስጋና ነው። በሜክሲኮ ከተማም የአገራችንን ስም የያዘ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ይህች ወዳጅ አገር በግድግዳ ሥዕል ዓለምን ያስተማረች ናት። ዲዬጎ ሪቬራ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በሜክሲኮ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ደረጃ ግድግዳ ላይ የአገሩን ታሪክ ከጥንታውያን ነባር ሕዝቦች ጀምሮ ሥሏል። እ.ኤ.አ. በ1945 በዚያው ቤተ መንግሥት ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበረችውን ጥንታዊቱን ከተማ ሲያሳይ፣ ከፊት ያቆመው ንጉሥን ከነዙፋኑ ብቻ አይደለም፤ ገበያውን ነው። እህል ሻጩ፣ ተሸካሚውና ደንበኛው ሁሉ በቦታቸው አሉ። በዲትሮይት ከተማም እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 የመኪና ፋብሪካን ሠራተኞችና መኪኖች በ27 ክፍል በሣለ ጊዜ ሥዕሉ በኖራ ይቀባ የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ዛሬም ከከተማይቱ መኵሪያዎች አንዱ ነው። ገበያ የታሪክ ማዕርግ አይበቃውም የሚል ሰው ቢኖር ወደ ሪቬራ ግድግዳ ቢመለከት መልሱን ያገኛል። ሰንጋ ተራም ገበያ ነበረ።

በመጨረሻ ለሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት አሳብ ላቅርብ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ ከሚሠራ ሕንፃ ወጪ አንድ በመቶው ለጥበብ ሥራ እንዲውል የሚያዝዝ ደንብ አላት። እኛ ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፤ የዋጋ ዝርዝሩን የምናዘጋጀው እኛው ነንና። ሥዕሉ በመጨረሻ እንደ ጌጥ የሚለጠፍ ሳይሆን ከንድፉ ጋራ አብሮ የሚወለድ ይሁን። ሥዕል የሚያርፍበት ግድግዳ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት እንዳይሻገረው ከሥሩ መከልከል አለበት፤ ጨው ያዘለ እርጥበት ቀለሙን ከልስኑ ላይ ገፎ ይጥለዋልና። ልስኑ በሚገባ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት የለበትም። የሕንፃው መንቀሳቀሻ መጋጠሚያ የት እንደሚያልፍ ሠዓሊው አስቀድሞ ይንገረው፤ አለዚያ ስንጥቁ በሥዕሉ መካከል ያልፋል። ከላይ የዝናም መከላከያ ጠርዝ ይሠራለት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታ ላይ በመሆናችን ብርቱ ነውና ቀለሙ ይህን የሚችል መሆኑ ይረጋገጥ። ለጥገናም በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ይመደብ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን በሰፈሩ የኖሩት ሽማግሌዎችና እናቶች ይጠየቁ፤ ማን ይሣል፣ ምን ይሣል፣ ምንስ ቀርቷል የሚለውን ከእነርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

አፈወርቅ ተክሌ ማዕድን ሊያወጡ ሄደው ብርሃን የሚያልፍበት ግድግዳ ሠርተው ዐለፉ። የተላኩበትን ዕዳ በሌላ ሙያ መለሱት ለማለት ይቻላል። እኛ ግን የተላክንበትን ሙያ ሳንለውጥ የምንከፍለው ዕዳ አለብን። በሰንጋ ተራ ያለው ያ ግራጫ ገጽ ዛሬም ባዶውን ነው፤ ልስኑ ደርቋል፣ መሠረቱም ጠንካራ ነው። የሰረዝሁትን መስመር መልሼ ለመጻፍ ለሕንፃው ባለቤቶች ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። ከማኅበራችን አባላት መካከል ከእኔ ጋራ የሚፈርም ቢኖር፣ በዚያ ሰፈር ተወልዶ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ የሚያየው ነገር ይኖረዋል።